ከንቲባው የእሳት ማጥፊያውን አረፋ ወንዝ ውስጥ ሊደፉ ሲሉ

የአንዲት ከተማ ከንቲባ ጊዜው ያለፈበትን የእሳት ማጥፊያ አረፋ በበርሜል አስጭነው ወንዝ ዳር ወረዱ። አረፋው መርዝነት ስላለው ራቅ ወዳለ ማስወገጃ መላክ ነበረበት፤ እሳቸው ግን ወንዙ ቀረባቸው። በዚያ ውሃ ጎመን የምታለማ አንዲት ሴት መኪናው ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ ይህን ውሃ እኮ ልጆቻችን ይጠጡታል» አለች።

ከንቲባው ጮኹባት። «አንቺ ስለ አረፋ ምን ታውቂያለሽ? ይህ ስንት ቃጠሎ ያጠፋ ነገር ነው! ዞር በይ፣ ይደፋ!»

ሴትዮዋ ንቅንቅ አላለችም። «ወንዛችን አልተቃጠለም፣ ጌታዬ» አለች። «እዚህ የተቃጠሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ካስፈለገ እርስዎ ላይ ይደፋ።»

ነገሩን ለማየት ወንዙ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ አውካካ። ሹፌሩም እየሳቀ መኪናውን ከነበርሜሎቹ አዙሮ ወደ ማስወገጃው ነዳው።