ክብርት ሁሉአገርሽ

አንዲት ሴት ነበረች፤ የምክር ቤት አባል። የምትቀመጠው መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ነው። ሚኒስትር አይደለችም፣ የኮሚቴ ሰብሳቢ አይደለችም። እጇ ግን አያርፍም!

ዛሬ ስለ ንብ ትነሳለች፤ "የአረም መድኃኒቱ ቀፏችንን ባዶ አስቀረው" ትላለች። ነገ ስለ እስረኛ ልጆች። ሌላ ቀን ደግሞ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚያስተረጉምለት ስላጣ መስማት የተሳነው ሰው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አንዳንዴ ታበዛዋለች። አባላቱም ተጠቃቅሰው "ሁሉአገርሽ ተነሳች!" ይላሉ። ስሟ አይደለም፤ እነሱ ያወጡላት ነው።

አንዷ ጓደኛዋ "አንቺ፣ የማትገቢበት የለም እንዴ? ምን አገባሽ?" አለቻት።

"እኔማ ምን አገባኝ! ግን እዚህ መጥቶ መናገር የማይችል ሰው አደራ ሲለኝ እንዴት ዝም ልበል?"

አንድ ቀን የአምቡላንስ ረቂቅ ሕግ ሊጸድቅ ነው። ሰዓቱ ሄዷል፣ ሁሉም ርቦታል፣ የቀረው እጅ ማውጣት ብቻ ነው። ተነሳች። ኧረ ጉምጉምታው!

"ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ረቂቁ 'መኪና በሚገባበት ስፍራ ያለች ምጥ የያዛት እናት በአምቡላንስ ትወሰዳለች' ይላል። እኛ ዘንድ መኪና የሚገባው እስከ ገበያው ነው። ከገበያው በላይ ያለችዋን ምጥ አይዛትም?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። "ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት?" አሉ አፈ ጉባኤው።

"ቃሬዛ ይግባ! እናቶችን ተሸክመው የሚያወርዱ ሰዎችም በሕጉ ይታወቁ፤ ይደገፉ።"

"በዚህ ዘመን ቃሬዛ?" አለ አንዱ።

ወደ እሱ ዞረች። "እህቴ የሞተችው ተሸካሚ ጠፍቶ ነው።"

ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። አንቀጹ ወደ ኮሚቴ ተመለሰ። ሕጉ ሲወጣ "መኪና በሚገባበት" የምትለዋ ቃል ወጥታ ቃሬዛ ገብቶበት ነበር። እኔ ይህቺን ሴት እወዳታለሁ! ከዚያ በኋላስ መሳቃቸውን ተዉ? የት! በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ንብ ስትነሳ ሳቁ። ሰው እኮ ነን። እሷም ተናግራ ተቀመጠች።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? ይህቺ "ምን አገባኝ" የምትሏት ቃል ስንቱን ቀበረች! በእድሩ፣ በመሥሪያ ቤቱ፣ በዚህችው በቤተ ክርስቲያናችን፣ በዝምታችሁ የጸደቀ ስንት ነገር አለ? እግዚአብሔር አፍ የሰጠን ለእህል ብቻ ነው እንዴ? "አዋቂ አይደለሁም" ትላላችሁ። እሺ፣ የሚያውቀውን ጠይቃችሁ ኑ። "ይስቁብኛል" ትላላችሁ። ይሳቁ!

ዛሬ ከጸሎት በኋላ የምንወስነው ጉዳይ አለ፤ የጸሎት ክፍላችን ወደ ፎቅ ይውጣ ተብሏል። እማማ ይርገዱ ጉልበታቸውን ታመው ቤት ከዋሉ ሰንብተዋል። ቢሻላቸው እንኳ ያንን ደረጃ አይወጡትም፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እስካሁን ግን ስማቸውን ያነሳ ሰው አልሰማሁም። በሉ፣ ማን ይነሳል?