የአያ ጅቦ ትንፋሽ

አንድ ጊዜ፣ ጨው በግመልና በአህያ በረሃውን በሚያቋርጥበት በዚያ ዘመን፣ አያ ጅቦ ወደር የሌለው ሯጭ ነበር። ሯጭ ስል ቀልዴን አይደለም! ከጨው ሜዳው ተነስቶ ተራራው ግርጌ እስኪደርስ አንዴም አያርፍም ነበር። ሲጮህማ ከኮረብታ ማዶ ያሉ ግልገሎች ሳይቀሩ እናታቸው ጉያ ይገቡ ነበር። አይ ጊዜ! ደግ ዘመን ነበር፤ ለእሱ ማለቴ ነው።

በበጋ የበረሃው አቧራ ሲነሳ ጨው ጫኞቹ እንስሳት ደንብ ነበራቸው። ግመሎቹ ይንበረከካሉ፤ አህዮቹ ከጀርባቸው ይጠለላሉ። አፍንጫውን ያልሸሸገ የለም፣ አፉን የሚከፍትም የለም። አቧራው እስኪያልፍ እንዲሁ ይቆያሉ።

ቀበሮ ይህን አይቶ አያ ጅቦን ጠራው።

«አያ ጅቦ፣ ተኝተው የሚጠብቁህ አህዮች እያሉ ምን ያስሮጥሃል? አቧራ ሲነሳ ግባ። አፍህን ከፍተህ ሂድ፣ ያገኘኸውን ወዲያው ትነክሳለህ።»

«አንተስ አትመጣም?»

«እኔማ ድርሻዬን ጉድጓዴ ሆኜ እጠብቃለሁ።»

አያ ጅቦ በሆዱ ነውና የሚያስበው፣ ደስ አለው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት አህያ በላ። ሳል ሲጀምረው «አጥንት ነው የያዘኝ» አለ። በሁለተኛው ዓመት ደረቱ እንደ ወናፍ ያፏጭ ጀመር። «ብዙ በልቼ ነው» አለ።

በሦስተኛው ዓመት አቧራው ሲነሳ እንደልማዱ አፉን ከፍቶ ገባ። ከአንዲት አሮጊት ግመል ጀርባ የተጠለለች እመት ዳለቻ የምትባል ወፍራም አህያ አገኘ። ሊነክሳት ሲል ግን ሳሉ ቀደመው። እህ! እህ! እህ! እመት ዳለቻ ብድግ ብላ በእርግጫ አነጠፈችው። ሊሸሽ ቢነሳም ትንፋሽ አጠረውና ቁጭ አለ።

አቧራው ሲያልፍ ግመሏ አየችው፤ አሳዘናትም።

«ምነው አያ ጅቦ፣ ያ ሩጫህ የት ገባ?»

«ደረቴ እምቢ አለኝ እኮ፣ እመት ግመል።»

«ሻካራው አቧራ አፍንጫ ላይ ይቀራል። በዓይን የማይታየው ልሙ ነው ሳንባ ድረስ ወርዶ የሚቀመጠው። እኛ አፍንጫችንን የምንሸሽገው አንተን ፈርተን መስሎህ ነበር?»

«አዎ» አለ አያ ጅቦ።

እያረፈ፣ እያሳለ ቀበሮ ዘንድ ደረሰ። «አንተ ለምንድነው የማታስለው?» ብሎ ጠየቀው።

«እኔ መከርኩ እንጂ መች ወጣሁ?»

አያ ጅቦ በንዴት ዘለለበት፤ ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ግን ትንፋሹ ተቆርጦ መሬት ላይ ተዘረጋ። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለውን ቀበሮ በአንድ እስትንፋስ ይደርስበት እንደነበር ትዝ ሲለው እንባው መጣ። ቀበሮ ግን መሮጥ እንኳ አላስፈለገውም፤ ቀስ እያለ በእግሩ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው ሌሎች ከአቧራ ሲሸሸጉ ምክንያታቸውን ሳይጠይቅ በስስት አፉን ከፍቶ የሚገባ ሁሉ፣ የሚያጣው ሁለተኛ የማያገኘውን ትንፋሹን መሆኑን ነው።