ሳያስረክብ የሄደው ቄስ

የዲግሪውን ጥያቄህን ከመመለሴ በፊት ይህን ስማኝ፣ ወንድሜ። አንድ ቄስ ነበረ። ደብሩ ገጠር፣ ደመወዙ ትንሽ፣ ሀብቱ ሁለት በሬ። በነገረ መለኮት ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ ካህን ከተማ ውስጥ ጥሩ ይከፈለዋል ሲሉ ሰማና ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣ። እንዳንተው ያገኘውን ሁሉ «ያዋጣኛል ወይ?» እያለ ይጠይቃል። ቅዳሴ ቆሞ ልቡ ከተማ ነው፤ ማዕድ ቀርቦለት ወጪና ገቢ ያሰላል። በመጨረሻ አንዱን በሬ ሸጠና ሊማር ወደ ከተማ ተነሣ።

እንግዲህ አንተም ቄስ ነህና ወጉን ታውቀዋለህ። የንስሐ ልጅ ያለ አባቱ ፈቃድ ወደ ሌላ ቄስ አይሄድም፤ ርቆ የሚሄድ ቄስም ልጆቹን ለባልንጀራው አደራ ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ይኼኛው ግን ሰሰተ። ካስረከብኋቸው ስመለስ ማን ዞር ብሎ ያየኛል፣ በበዓል የሚያመጡልኝስ ለማን ይሆናል አለ። ከልጆቹ አንዱ ያረጀ ገበሬ ነበር። «አባቴ፣ እርስዎ ሳይመጡ ሞት ቢመጣብኝስ?» ሲለው፣ «ስመለስ ትናዘዛለህ፤ ጠብቀኝ» ብሎት ሄደ።

የቤት ኪራዩና ቀለቡ የበሬውን ዋጋ ቶሎ ጨረሰው፤ ሁለተኛውንም በሬ አሸጠው። መምህሩ ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምር እሱ ይኼ ስንት ያወጣ ይሆን ይላል። ተመረቀ፤ ቆቡን ደፍቶ ፎቶ ተነሣ። ሥራ ፍለጋ በየደብሩ ቢዞር ግን «እንዳንተ ያለው ሞልቷል» አሉት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። እያጉረመረመ ወደ ደብሩ ተመለሰ፤ ደመወዙም ያችው የድሮዋ ሆና ጠበቀችው።

ገብቶ ሳያርፍ የሽማግሌው ሴት ልጅ መጣች። አባቷ እያጣጣረ ነው። ጎረቤት የጠራለትን ቄሶች ሁሉ፣ የንስሐ አባቴ ጠብቀኝ ብለውኛል እያለ መልሷቸዋል። ቄሱ ሮጠ። ሲደርስ የሽማግሌው ዓይን ያያል፣ አንደበቱ ግን ተይዟል። ቄሱ የተማረው ሁሉ አልጠፋበትም፤ የሚሰማው ኑዛዜ ነው የጠፋው። መሬት ላይ ወደቀና «ልጄ፣ አስጠበቅሁህ፤ ይቅር በለኝ» አለ። ሽማግሌው ከንፈሩን አንቀሳቀሰና ዐረፈ። ይቅር ይበለው አይበለው፣ ቄሱ እስከ ዛሬ አላወቀም።

እና አንተ ዲግሪው ወጪውን ይመልሳል ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔ እንጃ፤ የሚመልስለት አለ፣ የማይመልስለትም አለ። በሬ ይሸጣል፣ በሬ ይገዛል። ትምህርቱም መልካም ነው፤ ተማር፣ ማን ከለከለህ። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ከመጣህ ጀምሮ ስለ ክፍያና ስለ ደመወዝ አወራኸኝ፤ ስለ ንስሐ ልጆችህ አንዲት ቃል ከአፍህ አልወጣችም። ያ ቄስ አንተ ነህ ወንድሜ። ያንተ ሽማግሌ ግን አንደበቱ ገና አልተያዘም። በሬውን ገበያ ከማውጣትህ በፊት እሱ ቤት ሂድ።