ጉሬዛዋን ማን ያሻግራት?

አንዲት እናት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፤ ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ስሟ ትንግርት። ይህች ልጅ ከደረጃ ላይ ወደቀችና ቀኝ እጇ ተሰበረ። ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቿ ግን እንደ ደረቀ ቆዳ ተገትረው አልታጠፍ አሉ።

በሐኪም ቤቱ እንዲህ ያለውን እጅ እያሠራች የምታክም ሲስተር ወለላ የምትባል ባለሙያ ነበረች። እሷም ለእናትየው እንቅጩን ነገረቻት፤ «ይህ እጅ አሁን ካልሠራ እንደተገተረ ይቀራል። ቢያማትም ታሠራው።»

ቢያማትም! ይህን ለእናት መንገር ቀላል ነው?

ልጅቷ ኳስ ጨብጪ ስትባል ታለቅሳለች። ስለዚህ ሲስተር ወለላ ዘዴ ፈለገች፤ በእናትየው ስልክ ኢንተርኔት ከፍታ አንድ የልጆች ጨዋታ አወጣችላቸው። አንዲት ጉሬዛ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሥሯ ወንዝ አለ። በጣት ወደ ኋላ ስበው ሲለቋት ወደሚቀጥለው ዛፍ ትዘላለች። በደንብ ካልተሳበች ወንዙ ውስጥ ቦጭ! ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ዛፍ። «በታመመው እጅ ብቻ» አለች ሲስተር።

ቤት ገቡ። ትንግርት ሳበች፤ አመማት፤ ጉሬዛዋ ወደቀች። ደግማ ሳበች፤ ደግማ ወደቀች። «እማ፣ አሻግሪልኝ!»

የእናት አንጀት ይችላል? «አምጪው የኔ ዓለም፣ እኔ እናትሽ እያለሁ!» ብላ አሻገረችላት። በማግሥቱም አሻገረችላት። ኋላማ ለራሷም ጣማት መሰል፣ ጉሬዛ ስታዘልል ወጡ አረረ! ልጅቷ ትስቃለች። ገበታ ሲቀርብም እናት ታጎርሳለች፤ ጎረቤት ከመጣ ጎረቤት ያጎርሳል። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባል የለ? የልጅቷ እጅ ግን ጭኗ ላይ ተኝቷል።

ቀጠሮው ደረሰ። እናትየው ስልኩን ደስ ብሏት አወጣች። «ሲስተር፣ ጉሬዛዋ ጫካውን ጨርሳዋለች!»

ሲስተር ወለላ የልጅቷን ጣቶች ለማጠፍ ሞከረች። እንደ ነበሩ ናቸው። «ማን ነው የተጫወተው?» ብትል ትንግርት ወደ እናቷ ዞረች። ያን ጊዜ የእናትየውን እጅ ያዘችና ጣቶቿን አጠፍ ዘርጋ አደረገቻቸው። «እነዚህ ደኅና ናቸው፤ ምንም አልሆኑም። የልጅዎ ግን እየደረቁ ነው።»

እናትየው መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። ቤቷ ስትደርስ ግን እንባዋን ጠረገችና ጎረቤቶቿን ጠርታ «ከዛሬ ጀምሮ ልጄን የሚያጎርስ ከእኔ ጋር ይጣላል» አለች። ስልኩን ለልጅቷ ሰጥታ፣ የራሷን ሁለት እጆች ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማ፣ አሻግሪልኝ።»

«አልነካም።»

«ያመኛል እኮ!»

«አውቃለሁ ልጄ፤ እኔንም አንጀቴን እየበላኝ ነው። ግን አልነካም። ከአጠገብሽም አልነሣም። በይ ሳቢ!»

ጉሬዛዋ ወደቀች። ስንት ጊዜ ወደቀች መሰላችሁ! እናትየው ግን አልነካችም፤ አልተነሣችምም። አንድ ቀን ጉሬዛዋ አንዲት ዛፍ ተሻገረች። ቆይታም ሌላ።

ሰንበት ብሎ አንድ ምሳ ላይ ትንግርት በዚያው በቀኝ እጇ እንጀራ ጠቀለለች። ጉርሻው ተንጋዷል፤ የወጡ ግማሽ እናቷ ነጠላ ላይ ፈሷል። «እማ፣ እንቺ ጉረሺ» አለቻት። እናትየው እያለቀሰች ጎረሰች።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? «አባ፣ ይጸልዩልኝ» ትላላችሁ፤ መልካም ነው። የራሳችሁ ጉልበት ግን መቼ ታጠፈ? ከወንድማችሁ ትጣሉና ሽማግሌ ትልካላችሁ። የሚለምነው ሽማግሌው፣ የሚንበረከከው ሽማግሌው፣ ይቅርታ የሚጠይቀው ሽማግሌው! እናንተ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ «ታረቅን» ትላላችሁ። የማን ልብ ነው የለዘበው?

ደግሞም ታማርራላችሁ፤ «ጌታ ሆይ፣ ስጮኽ ለምን አታሻግረኝም?» ትላላችሁ። ዝም ስላለ የሄደ መስሏችኋል? አልሄደም። አጠገባችሁ ተቀምጦ «ሳቡ!» እያላችሁ ነው።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ሽማግሌ አትፈልጉ። ያን የተቀየማችሁትን ሰው ታውቁታላችሁ፤ በሩንም ታውቁታላችሁ። ሂዱና በገዛ እጃችሁ አንኳኩ። ያማል። አዎ፣ ያማል። አንኳኩ!