ሰባት ቤት የቆጠረችው ይርገዱ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ይህ የሆነው የአያቴ አያት ገና ሳይወለድ፣ ወንዛችን በበጋም ሞልቶ በሚፈስበት ዘመን ነው።

በመንደራችን ይርገዱ የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። ሕፃን ሳለች፣ በአንድ የረሃብ ዘመን፣ ጨው ነጋዴዎች ከሾላ ሜዳ አምጥተው ለአንዲት ደግ ሴት ሰጧት። አባቷ ጓንጉል እንደሚባልና በረሃብ እንደሞተ ብቻ ነገሯት። አደገች፣ አገባች፣ ባሏ ሞተ። አንተነህ የሚባል አንድ ልጅ ቀረላት።

አንተነህ ትርንጎ የምትባል ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ተላከ። የልጅቷ አያት አያ ሽበሺ፣ «በአባቱ በኩል ደህና ነው። በእናቱ በኩልስ? ሰባት ቤት ይቆጠርልን» አሉ።

ይርገዱ ተነሣች። «ይርገዱ፣ ጓንጉል…» አለች። ከዚያ በላይ አታውቅም።

«ሳናውቅ ዘመድ ከዘመድ እናጋባና ኋላ እንዳይጸጽተን» አሉ አያ ሽበሺ። አንተነህ አንገቱን ደፋ። ይርገዱ ግን፣ «እስከ ጥቅምት ይጠብቁኝ፣ አባቴ» አለች። በማግስቱም ስንቋን ይዛ ሾላ ሜዳ ወረደች።

መጀመሪያ ያገሩን አልቃሽ ፈለገች። አልቃሿ፣ «የጓንጉልን ወገን አውቃለሁ። ነገር ግን ሳላለቅስ ስሙ አይመጣልኝም» አለቻት።

«እንግዲያው ለአባቴ አልቅሽለት። ማንም አላለቀሰለትም።»

አልቃሿ ነጠላዋን አደገደገች። አለቀሰች። ይርገዱም ያላየችውን አባቷን አለቀሰች። በለቅሶው መካከል የጓንጉል አባት ይመር፣ የይመር አባት አሰጌ ተጠሩ። አልቃሿ ግን እዚያ ላይ ቆመች።

ይርገዱ ቀጥላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። የሙታን ስም የተጻፈበት አሮጌ መጽሐፍ ነበረ፤ ግን እቃ ቤቱ ውስጥ ከተቀበረ ቆይቷል። «እቃ ቤቱ ሲጠረግ እናየዋለን» አሉ መሪጌታው። ይርገዱ መጥረጊያ አነሣች። ሦስት ቀን ጠረገች። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉ ተገኘ። መሪጌታው አቧራውን እፍ ብለው ከኅዳጉ ላይ አነበቡላት፦ የአሰጌ አባት ውቤ፣ የውቤ አባት ተድላ። የቀረውን አይጥ በልቶታል።

በመጨረሻ ወሰን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ሰማች። መሬቱ በየወራሹ ስም ይጠራል፤ እሳቸውም ሁሉንም ያውቃሉ። ግን እግራቸው አይራመድም። ይርገዱ አዘለቻቸው። ማሳ ለማሳ አዞረቻቸው። እሳቸውም ከጀርባዋ ላይ ሆነው፣ «ያ የተድላ ነው፣ ከአባቱ ከፈንታ የደረሰው። ፈንታም ከላቀው ነው የወረሰው። በይ አሁን አውርጂኝ፣ አንቺም ደከመሽ» አሉ።

ጥቅምት ገባ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ይርገዱ ቆማ ቆጠረች። «ይርገዱ፣ ጓንጉል፣ ይመር፣ አሰጌ፣ ውቤ፣ ተድላ፣ ፈንታ፣ ላቀው።»

አያ ሽበሺ ብድግ አሉ። «ላቀው ዘሾላ ሜዳ? እሱማ የኛም ነው!»

ይርገዱ ጋብቻው የፈረሰ መሰላት። ስሙን ብትተወው ማን ያውቅባት ነበር? ሰባቱ ቤት ያለ እሱም ሞልቶ ነበር። አያ ሽበሺ ከልጅቷ አባት ጀምረው በጣታቸው ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ ሳቁ።

«ለእኛም ስምንተኛ ነው! ሰባቱን ቤት አልፏል፤ ይጋቡ! ነይ እስኪ አንቺ የወንድሜ ልጅ» ብለው አቀፏት። ዘመድ አልባዋ ይርገዱ በአንድ ቀን ምራትም ወገንም አገኘች።

ከዚያ ወዲህ በኛ መንደር ሽማግሌ ሲቀመጥ ዘር የሚቆጥረው አባት አይደለም። የሙሽራው እናት ቆማ ትቆጥራለች። ሰባተኛው ቤት ላይ ስትደርስም ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ «ጨምሪ፣ እንደ ይርገዱ!» ይላታል። ስምንተኛውን ሳትጠራ አትቀመጥም።