ያልሳቀ ወላጅ ያምጣ

ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ርዕሰ መምህር አቶ ወንዳፍራሽ ተመራቂ ተማሪዎቻቸው የምረቃ ፎቶው ላይ ፈገግ ብለው እንዲታዩ አጥብቀው ፈለጉ። ስለዚህ አርጩሜያቸውን እንደያዙ ከካሜራው ጎን ቆሙና፣ «ሳቁ። ያልሳቀ ነገ ወላጁን ይዞ ይመጣል» ብለው አዘዙ።

አርባው ተማሪ ጥርስ ሐኪም ፊት የተሰለፈ ይመስል ጥርሱን ገለጠ።

ፎቶ አንሺዋ ካሜራዋን ዝቅ አደረገች። ልጅ በትእዛዝ እንደማይስቅ ሃያ ዓመት ሙሉ አይታለች፤ ግን ይህን ለእሳቸው ማን ደፍሮ ይነግራል?

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሏት። «ማሳቅ ካቃተሽ ዕቃሽን ሰብስቢና ሂጂ፤ ሌላ ባለሙያ እናመጣለን።»

«አያቅተኝም ጋሼ። ብቻ እርስዎም መሃላቸው ይቀመጡልኝ፤ ያለ እርስዎ ፎቶው ጎደሎ ነው።»

ይህስ ደስ አሰኛቸው። ከረባታቸውን አስተካክለው ከፊተኛው ረድፍ መሃል ካለው ወንበር ላይ ጉብ አሉ፤ ፊታቸውን ግን እንደ ልማዳቸው ቋጠሩት።

«ጋሼ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ» አለች ካሜራዋን እያነጣጠረች። አቶ ወንዳፍራሽ ይባስ ኮስተር አሉ።

«እንግዲህ ሕጉ የራስዎ ነው» አለች በትሕትና። «ነገ ወላጅ ይዘው ይምጡ።»

አርባው ተማሪ በሳቅ ሲፈነዳ እሷ ፎቶውን አነሳች። በዚያ ፎቶ ላይ ወላጅ ማምጣት የሚገባቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው።