ከገደሉ ማዶ የምትታይ ጧፍ

ተረት ልንገራችሁ፤ ቀረብ በሉና አድምጡኝ። ዱሮ ነው፤ ንብ ስትናገር ሰው ቆሞ የሚሰማበት፣ ክርም ቢከፋው ከፋኝ የሚልበት ዘመን ነው።

በዚያ ዘመን አንድ ገደል ነበረ። ጥልቅ ነው እንጂ ሰፊ አልነበረም፤ ከወዲህ የቆመ ሰው የማዶውን ጎጆ በር ለይቶ ያያል። ከሥሩ ግን ትልቅ ወንዝ ይሄዳል። በበጋ ሰው ሲሻገረው ይውላል። ክረምት ሲገባ ሞልቶ ያጓራል፤ እንኳን ሰው ድምፅም አያሳልፍ።

ከገደሉ ወዲህ ሁለት እህትማማቾች ይኖሩ ነበር። ታላቂቱ የዝና፣ ታናሺቱ ስመኝ ይባላሉ። እናትና አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ የዝና እህቷን እንደ እናት ሆና አሳደገቻት። የዝና ጧፍ ትሠራ ነበር። እሷ ሰም ስታቀልጥ፣ ክር ስትነክር፣ ስመኝ ደጅ ደጁን እያለች ሙያውን ሳትማር ቀረች። ለምን እንደማትማር ሲጠይቋት፣ እትዬ እያለችልኝ ምን ያስቸኩለኛል ትል ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን የዝና ለማዶ ሰው ተዳረች። በቅሎዋ ላይ ልትወጣ ስትል አንድ እስር ጧፍ ለእህቷ ሰጠቻትና እንዲህ አለቻት፦

«ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመሽ ከደጄ መብራት አቆማለሁ። አንቺም አቁሚልኝ። መብራትሽን ካየሁ ደህና ናት ብዬ እተኛለሁ።»

ቅዳሜ ሲመጣ የማዶዋ ታቆማለች፤ የወዲህኛዋም ታቆማለች። ቅዳሜ ሲመጣ የማዶዋ ታቆማለች፤ የወዲህኛዋም ታቆማለች። በጋው እንዲህ አለፈ። ክረምት ገባ፣ ወንዙ ሞላ፣ መልእክት አድራሽ ጠፋ። ሐምሌ ሲጋመስ ስመኝ እስሩን ብትፈታ አንዲት ጧፍ ብቻ ቀርታለች። እሷንም አበራቻት። አለቀች።

ስመኝ ጨነቃት። ችቦ እንዳታበራ እንጨቱ ሁሉ ርሷል። ቢነድላትም ችቦ የመንገደኛ ነው፤ እትዬ ሰው አለፈ ብላ ትገባለች። ቆሞ የሚበራ መብራት ያስፈልጋታል። ስለዚህ ጧፍ ለመሥራት ተነሣች፤ ከምን እንደሚሠራ ግን በደንብ አታውቅም።

ጎረቤት በሬ ታርዶ ኖሮ ሞራው ከግድግዳ ተሰቅሏል። ሞራው ስመኝን ሲያያት አዘነላትና፣ ሩቅ ምን አስኬደሽ፣ እኔ ቅርብ ነኝ፣ ለስላሳ ነኝ፣ ቶሎ እቀልጣለሁ አላት። ደስ አላት። ለመሐሉ ክር ፍለጋ ሙዳይዋን ከፈተች። በውስጡ የዝና ከመሄዷ በፊት የፈተለችው አንድ ልቃቂት ጥጥ ነበር። አነሣችው፣ አሸተተችው፣ መልሳ ከደነችው። ከዚያ ይልቅ የበግ ጠጉር ገምዳ በሞራው ነከረችና ቅዳሜ ማታ አበራችው። ጠጉሩ ከረፋ፣ ሞራው ጨሰ፣ ጧፉ ጎበጠና ወደቀ። አይጥ ከጉድጓዷ ወጥታ እዚያው በላችው። ስመኝ ብትቆጣት አይጧ አፏን እየጠረገች፣ ሽታው ራት ደረሰ ብሎ ጠራኝ እንጂ መብራት መሆኑን ማን ነገረኝ አለች።

ከማዶ የየዝና መብራት ቆሞ ነበር። ጥቂት ቆየና ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ከፍ አለ። የት ሄድሽ እንደማለት ነው። ስመኝ በጨለማው ውስጥ እጇን አወዛወዘች፤ ጨለማ ውስጥ እጅ አይታይም።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ጥዱ ዛፍ ሄደች። ከግንዱ ላይ የተንጠባጠበው ሙጫ ገና ሳትጠይቀው ተናገረ። ሞራ ሰነፍ ነው፣ እኔ እሳት ካየሁ አልጠብቅም፣ እንደ ፀሐይ ነው የማበራልሽ አላት። ፈቀፈቀችው። ክር ስትፈልግ ልቃቂቱን አሁንም አነሣችው፣ አሸተተችው፣ መልሳ ከደነችው። ቃጫ ገመደችና በሙጫው ለወሰችው። ቅዳሜ ማታ ብታቀጣጥለው ሙጫው እንዳለው አልጠበቀም። ቦግ ብሎ ተንጣጣ፣ ቅንድቧን ለበለባት፣ የዝና ከቤቷ ሳትወጣ አመድ ሆነ። የማዶዋ መብራት ወጣ፤ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ረጅም ጊዜ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ገባ።

ስመኝ ያን ጊዜ አለቀሰች። በነጋታው እትዬ የምታቀልጠው ሰም ትዝ ብሏት ከቁልቁለቱ በታች ወደሚኖሩት ሽማግሌ ንብ አርቢ፣ ወደ አባ ተካልኝ ወረደች። የደረሰባትን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ልጄ፣» አሏት፣ «ቀፎው የኔ ነው፤ ሰሙ ግን የነሱ ነው። ሄደሽ ራሳቸውን ጠይቂ።»

ከቀፎው አፍ ላይ አንዲት ዘበኛ ንብ ቆማለች። ለማር ከመጣሽ ማር የለንም፣ ክረምት ለእኛም ረሃብ ነው አለቻት። ስመኝ ማር አልፈልግም፣ ሰም ነው የምፈልገው አለች። ንቧ ለምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ለመብራት ነው አለች። ለማን እንደሆነም ጠየቀቻት። ስመኝ ስለ እህቷ ነገረቻት። ንቧ ናፍቆቷ ገባት። ንቦቹም ዝናቡ ዘግቶባቸው፣ ከቀፎው አፍ ላይ ሆነው ፀሐይና አበባ የሚናፍቁበት ጊዜ ነበር።

«ከኋላ ያረጀ፣ ባዶ የማር እንጀራ አለ፤ ውሰጂው፣» አለቻት። «ግን እሳት ላይ ብቻውን አትጣጂው፤ ይቃጠልብሻል። ከውሃ ጋር ቀቅይው፣ በጨርቅ አጥልይው፣ እስኪረጋ ጠብቂው። መጠበቅ ካልቻልሽ ከአሁኑ ተይው።»

ስመኝ ወስዳ ቀቀለችው፣ አጠለለችው፣ ጠበቀችው። ጥቁር ጉድፍ ነበረበት። እንደገና ቀቀለችው፣ አጠለለችው፣ ጠበቀችው። አሁንም አልጠራም። ይህን ስታደርግ ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰባት። ወደ ደጅ ወጥታ ማዶ ማዶውን ብታይ፣ በዚያ ቅዳሜ የየዝና መብራት ጨርሶ አልወጣም። ስመኝ እስኪበርዳት ቆመች። ተስፋ ቆርጣ ይሆን፣ ታማ ይሆን፣ ወይስ እኔን ሞታለች ብላ ይሆን እያለች ስታስብ አደረች።

ጧት ተነሥታ ሦስተኛ ጊዜ ቀቀለችው። ሲበርድ ከውሃው ላይ ቢጫ ሰም እንደ ቂጣ ሆኖ ተንሳፈፈ። ሰሙ ቀስ ብሎ ተናገራት። ጠጉር ይሸተኛል፣ ቃጫ አይጠጣኝም፣ ጥጥ አምጪልኝ አላት። ስመኝ ሙዳይዋን ከፈተች። ልቃቂቱን አነሣችው፣ አሸተተችው። መልሳ ልትከድነው ስትል ልቃቂቱ ከእጇ ላይ ሆኖ ተናገረ፦

«እኔም ናፍቃኛለች። በጣቶቿ መሐል ነው ክር የሆንሁት። ግን እያሸተትሽ ከመለስሽኝ እሷን አላመጣልሽም፤ አንድ ቀን ብል ይበላኛል። ንከሪኝና ትየኝ።»

ስመኝ ልቃቂቱን ጉንጯ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ክሩን በክንዷ ለካች፣ ቆረጠች፣ ገመደች። በቀለጠው ሰም ነክራ ሰቀለችው። ሲደርቅ እንደገና ነከረችው። የመጀመሪያው ተጣመመ፤ ሁለተኛው አንድ ወገኑ ወፈረ፤ ሦስተኛው ቀጥ አለ።

ቅዳሜ እስኪደርስ መጠበቅ አልቻለችም። በዚያው ምሽት ከደጇ አቆመችውና ለኮሰችው። ጭስ የለው፣ መንጣጣት የለው፤ ነበልባሉ ጸጥ ብሎ ቆመ። ማዶው ግን ጨለማ ነበር። በማግስቱ አበራች፤ ማዶው ጨለማ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ አባርቶ ነበር። አበራችና ከመብራቱ አጠገብ ቁጭ አለች።

ከማዶ አንድ መብራት ወጣ። ስመኝ ብድግ አለች። ወዲያው ከአጠገቡ ሌላ ትንሽ መብራት ወጣ። ምን ይሆን ብላ ዓይኗን አጠበበች። የዝና ትንሿን መብራት ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ወዲያና ወዲህ ወዘወዘቻት። ቀጥሎም ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አድርጋ ሦስት ጊዜ አነሣቻት። በነሱ አገር ለወንድ ልጅ ሰባት፣ ለሴት ልጅ ሦስት እልልታ ነው።

«እትዬ ሴት ልጅ ወለደች፣» አለች ስመኝ፤ ከአጠገቧ ግን ማንም አልነበረም።

ወንዙ እንደማያሳልፍላት እያወቀች ሦስት ጊዜ እልል አለች። ሕፃኗን ለማቀፍ ወንዙ እስኪጎድል ገና ሁለት ወር ይቀራት ነበር። ጧፏ ነድዳ እስክታልቅ ቆማ ማዶ ማዶውን ስታይ አመሸች። የማዶዎቹም መብራቶች ቀድመው አልገቡም።

እንግዲህ እናንተም ለናፈቃችሁት ሰው መብራት ስትሠሩ፣ ቅርብ የተገኘውንና ቶሎ የሚነደውን ትታችሁ ቆሞ የሚጠብቀውን ምረጡ። ልትለዩት የማትወዱት ነገር ቢኖራችሁም እሱን ክር አድርጉት። እኔ የሰማሁትን ነገርኋችሁ፤ የቀረውን ለሚጠይቃችሁ እናንተ ንገሩ።